ሥራ ሲደራረብ፣ ልብ ሲበታተን



ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን! በዛሬው ዝግጅታችን በየቤታችን ስላለ አንድ ጉዳይ እንነጋገራለን። የኑሮ ጣጣ ከየአቅጣጫው ሲመጣብን የትኛውን ይዘን የትኛውን እንደምንለቅ ግራ ይገባናል። ልባችን ይበታተንና ከአንዱም ሳንሆን እንውላለን። ለመሆኑ ይህ ከምን ይመጣል? መውጫውስ ምንድን ነው?

እስቲ የአንድን ቤት ጠዋት በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት። እናት ምጣድ ጥዳለች። ታናሹ ልጅ ካልሲው ጠፍቶበት ያለቅሳል፤ ትልቋ የትምህርት ቤት ክፍያ ቀኑ ማለፉን ታስታውሳለች። ጎረቤት ለቅሶ አለ፤ ሳይደረስ ሊቀር ነው። በዚህ መሐል ሪያድ ያለችው እህት ትደውላለች፤ ካልተነሳላት ቅር ይላታል። አባትም የቤት ኪራይ ቀን ደርሶበታል። ሱቁ ውስጥ ዘይትና ስኳር አልቋል፤ የእቁብ ሰብሳቢው ሁለቴ ደውሎለታል። ስልኩን በከፈተ ቁጥር ደግሞ የቴሌግራሙ ወሬ ማቆሚያ የለውም። እንዲህ እንዲህ እያለ ቀኑ ይመሻል። ሁሉም ሥራ ተነካክቷል፤ አንዱም አላለቀም። ማታ ባልና ሚስት የሚነጋገሩት በቁጣ ይሆናል፤ ልጆችም ጥፋታቸው ምን እንደሆነ ሳያውቁ ይገሰጻሉ። ሶላት እንኳ ተሰግዶ ሲያበቃ ስንት ረከዓ እንደተሰገደ ያጠራጥራል።

እንዲህ ዓይነት ጊዜ ሲመጣ «ኢማኔ ቢደክም ነው» ብሎ ራሱን ብቻ የሚወቅስ አለ። «ዘመኑ ነው፣ ምን ይደረጋል» ብሎ የሚተወውም አለ። ሁለቱም ሸክሙን አያቀሉም። ከምንም በፊት ማወቅ ያለብን የሥራ ብዛትና ድካም በደጋጎቹም ቤት የገባ መሆኑን ነው።

በፋጢማ (ረ.ዐ) ቤት

የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ፋጢማ (ረ.ዐ) የቤቷን ሥራ በገዛ እጇ ትሠራ ነበር። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ እንደምናገኘው፣ እህል የምትፈጭበት የድንጋይ ወፍጮ እጇን ጎዳው። ለአባቷ ምርኮኞች እንደመጡላቸው በሰማች ጊዜ የምታግዛት አገልጋይ ለመጠየቅ ሄደች። ስላላገኘቻቸው ጉዳይዋን ለእናታችን ለዓኢሻ (ረ.ዐ) ነግራ ተመለሰች። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ፣ ፋጢማና ባሏ ዐሊይ (ረ.ዐ) ወደ መኝታቸው ከገቡ በኋላ ወደ ቤታቸው መጡ። እንዳይነሱ ነግረዋቸው በመካከላቸው ተቀመጡ። ከዚያም ከአገልጋይ የሚሻላቸውን ነገር አስተማሯቸው፤ ይኸውም ወደ መኝታቸው ሲሄዱ 33 ጊዜ ሱብሓነላህ፣ 33 ጊዜ አልሐምዱሊላህ፣ 34 ጊዜ አላሁ አክበር እንዲሉ ነው።

ውድ አድማጮቻችን! ይህን ታሪክ ቆም ብለን እንመልከተው። ፋጢማ (ረ.ዐ) ድካሟን ደብቃ አልተቀመጠችም። አባቷም መድከሟን እንደ ነውር አልቆጠሩባትም፤ እንዲያውም ቤቷ ድረስ መጡላት። የወፍጮው ሥራ ግን በነጋታውም ይጠብቃታል። የተሰጣት ነገር ቀኑን የምትዘጋበት ልማድ ነው። ሥራው አለቀም አላለቀም፣ ቀኑ በአላህ ስም የሚዘጋበት ሰዓት ተበጀለት። ዐሊይ (ረ.ዐ) ይህን ከሰማበት ጊዜ ጀምሮ እንዳልተወው ተናግሯል። በሲፊን ጦርነት ሌሊትስ ተብሎ ሲጠየቅ፣ በዚያችም ሌሊት አለመተዉን መልሷል። ያ ጦርነት የተካሄደው በ37 ዓመተ ሂጅራ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ካለፉ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ይህን ሐዲስ ሰምቶ ሚስቱን «አንቺ ዚክር አድርጊ» ብሎ ፍራሹ ላይ ጋደም የሚል ባል ካለ ግን ከሱናው ግማሹን ብቻ ነው የያዘው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ) ስትጠየቅ፣ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር፣ የሶላት ወቅት ሲደርስም ለሶላት ይወጡ እንደነበር ነው የመለሰችው።

ልብ ለምን ይበታተናል?

አንድን ሥራ ጀምረን ሳንጨርስ ወደ ሌላው ስንዘል ሙሉ ልባችን አብሮን አይሄድም። ሶፊ ሊሮይ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት፣ ከትኩረታችን የተወሰነው በተውነው ሥራ ላይ እንደሚቀርና አዲሱም ሥራ በዚህ ምክንያት እንደሚበላሽ አሳይታለች። እንጀራው ምጣድ ላይ እያለ ስልክ ያነሳች እናት ይህን ያለ ጥናትም ታውቀዋለች። እንጀራው ያርራል፤ የደዋይዋም ወሬ በቅጡ አልተሰማም።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ጊዜ ጥለት ያለው ልብስ ለብሰው ሲሰግዱ ዓይናቸው ጥለቱ ላይ አረፈ። ሶላታቸውን እንደጨረሱ ልብሱ ለአቡ ጀህም እንዲወሰድለት፣ በምትኩም የእርሱ ጥለት የሌለው ልብስ እንዲመጣላቸው አዘዙ፤ ምክንያቱም ከሶላታቸው አዘናግቷቸው ነበር። ምግብ ቀርቦ ሳለ ሶላት ከደረሰም ምግቡን እንድናስቀድም አስተምረዋል። ልባችን ሳህኑ ላይ ቀርቶ አካላችን ብቻ እንዳይቆም ነው።

እንግዲህ ልብን ለመሰብሰብ ልብስ የሚቀየር ከሆነ፣ በየደቂቃው የሚጮኸውን ስልካችንን ምን እንበለው? የዘመናችን ጥለት እርሱ ነው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ በልባችን የተሸከምነውን ወረቀት ላይ እናውርደው። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ቤቱ ጸጥ እንዳለ 10 ደቂቃ እንውሰድና የሚያስጨንቀንን ሁሉ፣ ትንሽ ትልቅ ሳንል እንጻፍ። ከዚያ ሦስት ቦታ እንክፈለው፤ ዛሬ በእጃችን የሚሠራ፣ ሌላ ቀን ሊቆረጥለት የሚችል፣ ከአቅማችን ውጪ የሆነ። ቅድም ባየነው ቤት የትምህርት ቤቱ ክፍያ የዛሬ ነው። የሱቁ ዕቃ ለነገ ሊቀጠር ይችላል። የሪያዷ እህት የሥራ ውል መታደስ አለመታደሱ ግን በማንም እጅ አይደለም፤ እርሱ በዱዓ ለአላህ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት እንደሚያሳየው፣ ያላለቀ ሥራ ሐሳባችንን ይረብሻል፤ መቼና እንዴት እንደምንሠራው ቁርጥ ያለ ዕቅድ ስናወጣለት ግን ሥራው ገና ሳይጀመር ረብሻው ይቀንሳል። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን ሳያስር በአላህ ለመመካት ያሰበውን ሰው፣ አስረህ ተመካ የሚል መልእክት ነግረውታል። ወረቀቱና ዕቅዱ የግመሉ ገመድ ናቸው ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ቀኑን በሶላት እንከፋፍለው። አላህ ቀናችንን ከፋፍሎ ሰጥቶናል፤ እኛ ግን አንድ ላይ ደፍቀን እንሸከመዋለን። በአዲስ አበባ ዙህር ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ዐስር ወደ 9 ሰዓት ተኩል፣ መግሪብ ደግሞ ከ12 ሰዓት በኋላ ይሆናል። በአገራችን የቀኑ ርዝመት ከወር ወር ብዙም ስለማይለዋወጥ ይህ ክፍፍል ዓመቱን ሙሉ ያገለግላል። ከሱብሒ እስከ ዙህር አንድ ዋና ሥራ፣ ከዙህር እስከ ዐስር አንድ፣ ከዐስር እስከ መግሪብ አንድ እንመድብ። በመሐል ሌላ ነገር ከመጣ ወረቀቱ ላይ ጽፈነው ተራውን ይጠብቅ። አዛን ሲሰማ ደግሞ የያዝነውን አስቀምጠን ውዱእ እናድርግ። የዙህር ሶላት የጠዋቱን ድካም ከከሰዓት በኋላው ሥራ ይለይልናል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቢላልን (ረ.ዐ) ለሶላት እንዲጣራ ሲያዙት በሶላቱ ዕረፍት እንደሚያገኙ አድርገው ነበር የሚነግሩት።

ሦስተኛ፣ ለስልካችን ሰዓት እንቁረጥለት። በሶላት፣ በማዕድና በመኝታ ሰዓት ከአጠገባችን ይራቅ። ባሕር ማዶ ያሉ ዘመዶቻችን የሚያገኙን የታወቀ ሰዓት ብንነግራቸው እነርሱም ያርፋሉ። ምጣድ ላይ ሆነን በግማሽ ልብ ከምንሰማት እህት ይልቅ ከዒሻ በኋላ ተረጋግተን የምንሰማት እህት ሐቋን አገኘች።

አራተኛ፣ ሸክሙን እንከፋፈለው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ጁሙዓ ማታ ቤተሰቡ አንድ ላይ ተቀምጦ የሳምንቱን ሥራ ይመካከር። የ10 ዓመት ልጅ የታናሹን ልብስና ደብተር ከማታ ጀምሮ ማዘጋጀት ይችላል፤ ወንድም ሴትም ሳይባል። ባል ለቅሶውን ከሄደ ሚስት ለዚያ ቀን ታርፋለች። ዝም ብሎ እየተሸከሙ «ለምን አይገባቸውም» ብሎ መቆጣት ግን ማንንም አላሳረፈም።

አምስተኛ፣ ጥቂት ነገር ይዘን እንዝለቅበት። አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። የዘረዘርነውን ሁሉ ነገ ካልጀመርን ብለን ሌላ ሸክም አንጨምር። በዚህ ሳምንት የጠዋቱን ወረቀትና የመኝታውን ዚክር ብቻ ብንይዝ ይበቃል።

ዕዳና ሕመም ሲሆን

አንዳንድ ጭንቀት ግን በወረቀት ብቻ አይፈታም። ቡኻሪ በዘገቡት ዱዓ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከጭንቀት፣ ከሐዘን፣ ከአቅመ ቢስነት፣ ከስንፍና፣ ከንፉግነት፣ ከፍርሃት፣ ከዕዳ ክብደትና ከሰዎች ጫና በአላህ ይጠበቁ ነበር። ዕዳ ከጭንቀት ጋር በአንድ ዱዓ መነሳቱን ልብ እንበል። የጭንቀታችን ሥር ዕዳ ከሆነ ከአበዳሪው መሸሽ ጭንቀቱን ያበዛዋል። ፊት ለፊት ቀርበን ያለንን ተናግረን በየወሩ የምንችለውን እንቁረጥ። አበዳሪዎችም ቁርኣን የተቸገረን ባለ ዕዳ እስኪመቸው እንድንጠብቅ ማዘዙን አንርሳ።

እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ደስ ይለን የነበረው ነገር ሁሉ ከተጠላና ይህ ሁኔታ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከዘለቀ ደግሞ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣማ አንድ ቀንም መቆየት አይገባም። በየጤና ጣቢያው መጀመር ይቻላል፤ አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል ሆስፒታል ለዚሁ የቆመ ነው። ሕክምና መፈለግ የኢማን ጉድለት አይደለም። በ322 ዓመተ ሂጅራ ያለፉት አቡ ዘይድ አልበልኺ የአካልንና የነፍስን ጤና አጣምረው መጽሐፍ ጽፈዋል፤ አካል እንደሚታመም ነፍስም እንደምትታመምና ሁለቱም ሕክምና እንደሚሹ አስተምረዋል።

ውድ አድማጮቻችን! ነገም ምጣዱ ይጣዳል፤ ካልሲውም ይጠፋል። ኑሮ እስካለ ሥራው አያልቅም። እኛ ግን የተጠየቅነው በእጃችን ያለችውን ወቅት በሐቋ እንድንይዝ ነው። ዛሬ ማታ ከመተኛታችን በፊት ስልኩን አርቀን ያቺን 33፣ 33 እና 34 ብለን ቀናችንን እንዝጋ።

አላህ የተበታተነ ልባችንን ይሰብስብልን፤ በጊዜያችን በረካ ያድርግልን፤ ባለ ዕዳውን ያቅልልለት፤ የታመመውን ያሽርልን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።