ስለ በረኪና ሽታ



ባለፈው ለቅሶ ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ሽንት ቤቱን ስናጥብ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። በረኪናው አልበቃ ብሎን አሲድ ጨመርንበት። ወዲያው ዓይናችን አነባ፤ እየሳልን ወጣን፤ አስም ያለባት እኅታችንማ ሌሊቱን ስትታፈን አደረች። ለካስ ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፤ በ1907 ዓ.ም. ጀርመኖች ቤልጅግ አገር፣ ኢፕር ጦር ሜዳ ላይ የለቀቁት ያው ጋዝ! ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይተኛል፤ ጎንበስ ብሎ የሚፈትገው ሰው ይበልጥ ይስበዋል።

በረኪና ብቻውን ቢሆንም ከቆየ ሽንት ጋር ሌላ የሚያፍን ጋዝ ያወጣል። በዋና ገንዳ ዓይን የሚቆጠቁጠው ሽታም የዚሁ ዘመድ ነው፤ ክሎሪኑ ከዋናተኛው ላብና ሽንት ሲገናኝ የሚፈጠር። እኛ ደግሞ ሽታው ሲከረፋን «እንዴት ጸድቷል!» እንላለን።

ከእንግዲህ አስቀድመን ብዙ ውሃ እናፈሳለን፣ በሩን እንከፍታለን፤ አሲዱንም ከእድሩ ዕቃ ቤት አውጥተናል።