መጋላ፦ አንድ ክፍል፣ ብዙ ቋንቋ

አቅራቢ 1፦ በድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ ከከዚራ ሰፈር በሚለየው መጋላ ልጆች አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ እያፈራረቁ ያወራሉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ለሁለተኛ ደረጃ የመጣው፣ በቴሌቪዥን የሚተላለፈው የፕላዝማ ትምህርት ግን በእንግሊዝኛ፣ ለሁሉም በአንድ ፍጥነት ይነጉድ ነበር። ያልገባው ተማሪ «ቆይ» የሚለው አልነበረም።

አቅራቢ 2፦ በዚህ ረገድ ስልክ ይሻላል። መምህር የቀዳው ማብራሪያ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ያለ ኢንተርኔትም በብሉቱዝ ይተላለፋል። ጎግል ትርጉምም አማርኛን በ2008፣ ኦሮምኛን በ2014 ዓ.ም. ጨምሯል።

አቅራቢ 1፦ በሳይንስ ቃላት ላይ ግን ይስታል፤ መምህር ሳያርመው ሰሌዳ ላይ መውጣት የለበትም።

አቅራቢ 2፦ ለዓይነ ስውራን ደግሞ በኮምፒውተር ላይ ኤንቪዲኤ የተባለው ነፃ የስክሪን አንባቢ ኢስፒክ በተሰኘው ድምፅ አማርኛ ያነባል። ድምፁ ደረቅ ነው፣ ግን ይሰማል። በፎቶ የተላከ ማስታወሻን ግን እንዲሁ አያነብም። መምህራን ማስታወሻውን ተይበው ይላኩ።