ኮርቲሶል፣ እንቅልፍና የአንጎል ዘቦች፦ ከላስታ የተወሰደ ምሳሌ



የአገራችን ሰዓት ቆጠራውን ከንጋት ይጀምራል። የሰውነታችንም ሰዓት የሚታረመው በንጋት ብርሃን ነው። በሃይፖታላመስ ውስጥ የሚገኙ 20 ሺህ ገደማ የነርቭ ሕዋሳት ከዓይን የሚደርሳቸውን የብርሃን መልእክት ተቀብለው የመላ ሰውነትን ጊዜ ያስተካክላሉ። ላሊበላ በ12 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ የላስታ ንጋት ከወር ወር እምብዛም አይዛነፍም።

ይህ ሰዓት ትእዛዙን ከሚያስተላልፍባቸው መንገዶች አንዱ ኮርቲሶል ነው። የጭንቀት ሆርሞን የሚል ስም አወጣንለት እንጂ በሰላሙም ቀን ሥራ አይፈታም። ሌሊት 6 ሰዓት አካባቢ ዝቅ ይላል፤ ጎህ ሳይቀድ መጨመር ይጀምራል፤ ከነቃን ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ ከፍታው ላይ ይደርሳል።

መልእክቱን ከሚሰሙት መካከል የአንጎል ዘብ የሆኑት የማይክሮግሊያ ሕዋሳት ይገኛሉ። እነርሱም የራሳቸው ሰዓት አላቸው። በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ያው የባክቴሪያ ቅንጣት በዕረፍት ሰዓታቸው ሲሰጣቸው በአንጎላቸው የታየው ብግነት ከንቃት ሰዓታቸው ይልቅ በርትቶ ተገኝቷል።

እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ሆርሞኑ ከብግነቱ በኋላ ሲመጣ ዘቦቹን ያረጋጋል። ሐኪሞች ለአንዳንድ የማጅራት ገትር ሕሙማን ዴክሳሜታዞን የሚያዙት ብግነትን ስለሚያበርድ ነው። ቀድሞ ሲመጣ ግን፣ ይህም በአይጦች እንደታየው፣ ዘቦቹን ለቁጣ ያዘጋጃቸዋል፤ ኋላ የሚደርስ ሕመም ከልክ ያለፈ ምላሽ ይቀሰቅሳል።

በገና ሌሊት በቤተ ማርያም ዙሪያ ቆሞ የሚያነጋ ምእመን እንቅልፉን ያጣል። ሆኖም ካህናቱ ቤዛ ኩሉን ሲያዜሙ የማለዳው ብርሃን ያገኘዋል፤ ከዚያም ያርፋል። ይህን ከጉዳት አልቆጥረውም። ከ2013 ዓ.ም. ክረምት እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ ላሊበላ በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ የነበረው ሌሊት ግን ሌላ ነው። ሰው ለወራት ነገን እየፈራ ሲያድር ኮርቲሶል በሰዓቱ መውጣትና መውረዱ ሊዛባ ይችላል፤ ጭንቀቱም ከሕመሙ ቀድሞ ቤት ይሠራል።

ስለዚህ ከዚያ የመጣ ሕመምተኛ «ጉንፋኑ ለቆኝ ድካሙ አለቀቀኝም» ሲለን «ሐሳብ ነው» ብለን መሸኘት አይገባንም። ትኩሳቱን በምንጽፍበት ካርድ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚብስበት፣ ከሕመሙ በፊት ምን እንደደረሰበት እንመዝግብ። ቡና የሚጠጣበትንም ሰዓት ጨምሩበት፤ ለወሎ ሰው ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።