አንዱ ሁሉን ሲጠቀልል

አንድ ሰው አዲስ ድረ ገጽ ከፍቶ ሊንክ ሊያስቀምጥ ነው እንበል። ወደ የትኛው ገጽ? አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ወደሚያውቀው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 በአሜሪካ የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ አልበርት ላስሎ ባራባሺና ሬካ አልበርት ይህችን ትንሽ ምርጫ ቀመር አደረጓት። ብዙ ሊንክ ያለው ገጽ አዲሱንም የመሳብ ዕድሉ ይጨምራል፤ ጥቂቶች እየገዘፉ የቀሩት ከታች ይቀራሉ። ኸርበርት ሳይመን፣ በኋላ በኢኮኖሚክስ የኖቤል ተሸላሚ የሆኑት፣ ተመሳሳይ ሐሳብ የጻፉት በ1955 ነበር።

ታዲያ ሊንክ ለመሰብሰብ ብዙ ጊዜ ያለው፣ ቀድሞ የመጣው፣ ሁልጊዜ ያሸንፋል? ጉግል እኮ በ1998 ሲመሠረት የድረ ገጽ መፈለጊያዎቹ አልታቪስታና ያሁ ቀድመውታል!

እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ መልሱ ነው። በ2001 ባራባሺና ተመራማሪዋ ጂኔስትራ ቢያንኮኒ ለእያንዳንዱ ገጽ የራሱን የመሳብ አቅም ሲሰጡት፣ ስሌቱ ቁጭ የፊዚክስ ሊቃውንቱን የቦዝንና የአንስታይንን ስሌት ሆኖ ተገኘ። በእነሱ ስሌት መሠረት አንዳንድ አቶሞች ከቅዝቃዜ ሁሉ የመጨረሻው ደረጃ አጠገብ ሲደርሱ ዝቅተኛው የኃይል ደረጃ ላይ ይከማቻሉ። ሊንኮችም እንዲሁ፦ አንዳንድ ጊዜ ድሩ የቱንም ያህል ቢሰፋ፣ የላቀ አቅም ያለው አንድ ገጽ ብቻውን ትልቁን ድርሻ እንደያዘ ይቆያል።