ከዲማ እስከ መርጡለ ማርያም በእግር
(በእድራችን ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



በ2014 ዓ.ም. እኛ ሁለት ጎረቤታሞች ከአንድ ባልንጀራችን ጋር ከቢቸና ተነስተን፣ ጥር 18ን ዲማ ጊዮርጊስ ውለን፣ ለጥር 21 አስተርእዮ መርጡለ ማርያም ለመድረስ በእግር ጀመርን። ዲማ መቼም ሐዲስ ዓለማየሁ የተማሩበት፣ በ«ፍቅር እስከ መቃብር»ም ስሙን አገር ሁሉ ያወቀው ደብር ነው።

መኪናማ አለ። ባልንጀራችን ግን ስእለቱ የእግር ነውና አሻፈረኝ አለ። ደረቱን እንደሚያመው የነገረን በሁለተኛው ቀን፣ ዳገት ላይ ነው። (ቀድሞ ቢነግረን አንወጣም ነበር፤ ይህን ስለሚያውቅ ነው ዝም ያለው።) ሲመሽ ከአንዲት እናት ደጅ «የመሸብን እንግዶች ነን» ብለን ቆምን። እግራችንን አጥበው፣ መደባቸውን ለቀው አሳደሩን።

ሌሊት ሳሉ አስጨነቀውና «ብሞት እዚሁ ቅበሩኝ፤ ሬሳ ይዛችሁ አትንከራተቱ» አለን። ተቆጣነው። «ያለ እድርህ? ድንኳን ሳይተከል? ልጆችህ አፈር ሳያለብሱህ?» አልነው። እሱ ተኛ፤ እኛ አልተኛንም። አፋችን ይቆጣ እንጂ፣ በኪሳችን ያለው ብር መኪና ለመኮናተር እንደማይበቃ እያሰላን ነበር።

ጥር 21 ረፋዱ ላይ ብብቱን ይዘን አደረስነው። ንግሥት እሌኒ ያሠሩት የጥንቱ ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ አለ፤ ባልንጀራችን ያን የተቀረጸ ድንጋይ ተደግፎ ብዙ ቆየ። ከዚያ ሞጣ ሐኪም ዘንድ በመኪና ወሰድነው፤ ስእለቱ ደርሷልና አልተከራከረንም። ዛሬ ይኸው ከፊት ተቀምጦ ይሰማናል።

በደንባችን ግን አባል መንገድ ላይ ቢሞት ሬሳውን ማን፣ በምን ገንዘብ እንደሚያመጣው አንድ መስመር አልተጻፈም። ስእለተኛ ደግሞ በየዓመቱ ይወጣል። ጉባኤው ዛሬ ይነጋገርበት።