በአራስ ሕፃን ድድ ላይ የሚወጣ እብጠት

እሷ፦ አንዳንድ ሕፃን ድዱ ላይ እብጠት ይዞ ይወለዳል። ወላጅ ሲያየው ይደነግጣል።

እሱ፦ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። እብጠቱ ኤፑሊስ ይባላል፤ ኖይማን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1871 መዝግቦታል። ብዙውን ጊዜ የላይኛው ድድ ፊት ለፊት ላይ ይወጣል፤ ሮዝ፣ ለስላሳ፣ በቀጭን ግንድ የተንጠለጠለ ነው። በሴት ሕፃናት ላይ ይበዛል።

እሷ፦ ካንሰር ነው እንዴ?

እሱ፦ በፍጹም! ትንሽ ከሆነ በራሱ ሊከስም ይችላል። ጡት መያዝ ወይም መተንፈስ ከከለከለ ግን በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ከወጣ በኋላ ተመልሶ አይመጣም።

እሷ፦ እኔን የሚያስፈራኝ የልማድ ሐኪም ምላጭ ነው። አገር ቤት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ እንጥል መቁረጥ፣ የሕፃን ድድ ሰንጥቆ ጥርስ ማውጣት የለመደ ሰው አለ። በዚያ ስንት ሕፃን ደም ፈስሶት፣ ቁስሉ አመርቅዞበት ተጎድቷል! እንዲህ ያለው ሰው ይህን እብጠት ሲያይማ እጁን መች ይሰበስባል?

እሱ፦ በክር ማሰርም አይሞከር። የእብጠቱን ምንነት የሚለየው ሐኪም ነው፤ የወጣውም ሥጋ በላቦራቶሪ ይመረመራል።

እሷ፦ እናቶች፣ እዚህ እኛ ባለንበት ሎስ አንጀለስ፣ ሰንሴት ጎዳና ላይ የሎስ አንጀለስ ሕፃናት ሆስፒታል አለ። ሕፃኑ መጥባት ካቃተው ወይም ትንፋሽ ካጠረው፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።