የመኪና ጥበቃና የራዲዮ መልእክት በገጠር መንገድ

(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ሳምንት በመጨረሻው ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንዱ በዚህ በዓል ላይ ንግግር እንዲያደርግ በተወሰነ ጊዜ፤ ብዙዎቻችሁ ስለ ታላላቅ ሰዎች ታሪክ ወይም ስለ ትምህርት ጥቅም የምናገር መስሏችሁ ይሆናል። እኔ ግን የተነሣሁት ስለ ጭቃ፤ ስለ ቅባትና ስለ ሽቦ ልነግራችሁ ነው። ነገሩ ዝቅ ያለ ቢመስልም የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ስለ ሆነ፤ ጥቂት ታግሣችሁ እንድታዳምጡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አገራችን ለመኪና ቀላል አገር አይደለችም። ራስ ዳሸን ከባሕር ወለል በላይ ከ4500 ሜትር ይበልጣል፤ የዳሎል ምድር ደግሞ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። በደጋው ክረምት መረሬው አፈር ጎማን እንደ ሊጥ ይይዛል፤ በቆላው በጋ አቧራው እንደ ዱቄት እየቦነነ ሞተር ውስጥ ይገባል። ነገር ግን አስፋልቱ ባለቀበት ሁሉ ሰው አለ። ያም ሰው በታመመ ጊዜ፤ ሚስቱን ምጥ በያዛት ጊዜ፤ ልጁ ክትባት ባስፈለገው ጊዜ፤ የሚደርስለት በአራቱም ጎማው የሚጎትት መኪና ነው።

እንዲህ ያሉት መኪናዎች የተስፋፉት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። የእንግሊዙ ላንድ ሮቨር በአምስተርዳም ከተማ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 ነበር። በዚያን ጊዜ ብረት በራሽን ይሰጥ ስለ ነበረ፤ አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ። የጃፓኑ ቶዮታም እ.ኤ.አ. በ1951 የራሱን ሠርቶ የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ድረስ አወጣው፤ በ1954 ደግሞ ላንድ ክሩዘር የሚል ስም ወጣለት። እነዚህ መኪናዎች ብርቱ መሆናቸው እውነት ነው። ብርቱ መሆን ማለት ግን ጠባቂ አያሻም ማለት አይደለም። ብርቱ በሬም ሳር ካላገኘ ይወድቃል።

እንግዲህ መጀመሪያ ስለ ጥበቃው ልናገር። ጥሩ ሹፌር ሥራውን የሚጀምረው ሞተሩን በማስነሣት ሳይሆን ኮፈኑን በመክፈት ነው። ይኸም ማለዳ፤ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ መሆን አለበት። ዘይቱን ይለካል፤ የራዲያቶሩን ውሃ ያያል፤ ቺንጋውን በአውራ ጣቱ ይጫናል፤ የባትሪውን ራሶች ያጠብቃል። ከዚያም ጎንበስ ብሎ ከመኪናው ሥር ያለውን መሬት ይመለከታል። መሬቱ ላይ የታየች አንዲት የዘይት ጠብታ ነገ የሚመጣውን ችግር ዛሬ ትናገራለች። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

የራዲያቶር ነገር በተለይ ለደጋ ሰው ትምህርት አለው። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያቶሩ ክዳን በውስጡ ግፊት እየያዘ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። ስለዚህ ላስቲኩ ያረጀ ክዳን ዋጋው ትንሽ ቢሆንም ጥፋቱ ትልቅ ነው። በጋለ ሞተር ላይ ክዳኑን መክፈት ደግሞ ፊትንና ዓይንን ማቃጠል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተርም በየ1000 ሜትሩ ከፍታ ከኀይሉ አንድ ዐሥረኛ ያህል ስለሚያጣ፤ ዳገት ላይ መኪናውን ከማስጨነቅ በጊዜ ማርሽ መቀነስ ይሻላል።

ስለ አቧራም እንዲሁ ነው። የናፍጣ ሞተር ብዙ አየር ይስባል፤ በአየሩ ውስጥ ያለው አቧራ ካልተጣራ እንደ ሞረድ ሆኖ ሲሊንደሩን ይበላዋል። የአየር ፊልትሮው በበረሃ መንገድ በየማታው ይውጣ፤ ሲነፋም ከውስጥ ወደ ውጭ ይነፋ እንጂ ከውጭ ወደ ውስጥ አይሁን። ከውጭ የተነፋ እንደ ሆነ አቧራው ይብሱን ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል።

ጎማ በአሸዋ ላይ ሲሆን ከወትሮው ነፋሱን መቀነስ ያስፈልጋል። በጥርጊያ መንገድ 2.5 ባር የሚይዘው ጎማ በአሸዋ ወደ 1.2 ባር ዝቅ ቢል፤ ሰፍቶ መሬቱን ይረግጣል፤ እንደ ግመል ኮቴም ከላይ ይሄዳል። ነገር ግን እንዲህ ሆኖ መፍጠን ክልክል ነው፤ ጠንካራ መሬት ሲገኝም መልሶ መንፋት ይገባል። ጎማ ከተለወጠ በኋላም ጥቂት ሄዶ ቡሎኖቹን እንደ ገና ማጥበቅ የአዋቂ ሥራ ነው። ከጎርፍ ውስጥ የወጣ መኪና የዲፈረንሻሉ ዘይት እንደ ወተት ነጥቶ ከተገኘ፤ ውሃ ገብቶበታልና ዘይቱ ሳይለወጥ ሩቅ መሄድ አይቻልም።

አሁን ወደ ራዲዮው ልሻገር። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1929 አልፍሬድ ትሬገር የተባለ መሐንዲስ እንደ ብስክሌት በእግር እየተረገጠ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ራዲዮ ሠራ። ከማናቸውም ከተማ ርቀው የሚኖሩ ቤተሰቦች በዚህ ራዲዮ በአውሮፕላን የሚመጣውን ሐኪም ለመጥራት ቻሉ። ሐኪም ብቻውን፤ መኪና ብቻውን፤ አውሮፕላንም ብቻውን በቂ እንዳልሆነ፤ የሚጠራ ድምፅም እንደሚያስፈልግ ይኸ ታሪክ ያስረዳናል።

በመኪና ላይ የሚተከለው ራዲዮ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቪ.ኤች.ኤፍ. የሚባለው ሲሆን፤ ሞገዱ እንደ ዓይን ቀጥታ ስለሚያይ ተራራ ይጋርደዋል። በሜዳ ላይ ሁለት መኪናዎች አንቴናቸው 2 ሜትር ከፍ ያለ ቢሆን የሚደማመጡት እስከ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንደኛው 100 ሜትር ከፍታ ባለው ኮረብታ ላይ ቢወጣ ግን እስከ 47 ኪሎ ሜትር ያህል ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ድምፅ ሲጠፋ መጮኽ ሳይሆን ኮረብታ መውጣት ነው መድኀኒቱ።

ሁለተኛው የአጭር ሞገድ ራዲዮ ነው። የዚህ ሞገድ ወደ ሰማይ ወጥቶ አዮኖስፌር በሚባለው የአየር ክፍል ተመልሶ ወደ ምድር ይወርዳል፤ በዚህም ምክንያት ተራራውን ዘሎ በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይሄዳል። የሰማዩ መስተዋት ግን በፀሐይ ኀይል የሚሠራ ስለ ሆነ፤ ቀን ከፍ ያለው ሌሊት ደግሞ ዝቅ ያለው የሞገድ ቍጥር ይመረጣል። ይኽን የማያውቅ ሰው ማታ በቀኑ ቍጥር ሲጣራ ያመሽና ራዲዮው ተበላሽቷል ይላል። ራዲዮው ግን ደኅና ነው።

ለመናገርም ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ሌላ ሰው የሚናገር መኖሩን ማዳመጥ፤ ቍልፉን ተጭኖ አንድ አፍታ ቆይቶ መናገር፤ በቅድሚያ የሚጠራውን ስም፤ ቀጥሎ የራስን ስም ማስታወቅ ያስፈልጋል። መልእክቱም አጭር ይሁን፤ ይኸውም የት እንዳለን፤ ምን እንደ ደረሰብን፤ ስንት ሰዎች እንደሆንን፤ ስንት ሊትር ውሃ እንደ ቀረን፤ ምን ልናደርግ እንዳሰብን ነው። በቋንቋችን አምስትና አምሳ በሚንጫጫ ራዲዮ ውስጥ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ አምሳን «አምስት፤ ዜሮ» ብሎ ቍጥር በቍጥር መናገር ስሕተትን ያስቀራል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቀጠሮ ነው። የሚሄድበትን መንገድና የሚጠራበትን ሰዓት አስመዝግቦ የወጣ ሹፌር፤ ሁለት ቀጠሮ ቢያልፈው ዝምታው ራሱ መልእክት ይሆናል። ጣቢያው የተቀመጠው ሰው በዚያው መንገድ ፍለጋ ያስጀምራል። የተቸገረውም ሰው መኪናውን ትቶ በእግሩ መሄድ የለበትም፤ መኪና ከሩቅ ይታያል፤ ጥላም ይሰጣል።

እንግዲህ ሁለቱን ነገሮች ለምን በአንድ ንግግር እንዳቀረብኋቸው ትጠይቁኝ ይሆናል። ምክንያቱ ይኸ ነው። 100 ዋት ያለው የአጭር ሞገድ ራዲዮ ሲያዳምጥ የሚወስደው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ነው፤ ሲናገር ግን ከ12 ቮልቱ ባትሪ 20 አምፔር ያህል ሊስብ ይችላል። ባትሪው የሚሞላው በቺንጋው ነው። በብዙ መኪናዎች ያው ቺንጋ የራዲያቶሩንም ውሃ ያዞራል። ስለዚህ የተሰነጠቀ ቺንጋ በተበጠሰ ጊዜ ሞተሩ ይግላል፤ ባትሪውም መሞላቱ ይቀራል። መኪናው መሄድ በማይችልበት በዚያው ሰዓት ራዲዮውም ወደ ዝምታ ይጓዛል ማለት ነው። የመኪናው ጥበቃና የራዲዮው ድምፅ አንድ ሥራ እንጂ ሁለት አይደሉም።

ምሳሌ ልስጥ። በ2011 ዓ.ም. በዝናቡ ወራት አጎቴ በደቡብ ኦሞ ሹፌር ነበሩ። ምጥ የጠናባትን አንዲት እናት ከገጠር ጤና ኬላ ወደ ጂንካ ሆስፒታል ሲወስዱ፤ ማለዳ ደረቅ የነበረው ወንዝ ሞልቶ ቆያቸው። አብረዋቸው የነበሩት ሰዎች እንሻገር ቢሉም እርሳቸው እምቢ አሉ። ሞተሩን አጥፍተው በራዲዮ ተጣሩ፤ በየግማሽ ሰዓቱም የእናቲቱን ሁኔታ ያስታውቁ ነበር። ከወዲያ ማዶ ሌላ መኪና ከአዋላጅ ነርስ ጋራ መጣ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ውሃው ሲጎድል አራት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው አሻገሯት፤ እናትና ልጅም ዳኑ። ሰዎች ራዲዮውን ሲያመሰግኑ አጎቴ ግን ምስጋናው የሚገባው በዚያን ዕለት ማለዳ የባትሪውን ራሶች ላጸዱበት ጨርቅ ነው ይላሉ። ባትሪው ደካማ ቢሆን ኖሮ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ያንን ሁሉ ጊዜ መናገር ባልተቻለም ነበር።

ዛሬ በኪሳችን ስልክ እያለ የራዲዮ ነገር ምን ያደርግልናል የሚል ይኖራል። ስልክ እጅግ ይጠቅማል። ይሁን እንጂ ስልክ የሚሠራው ምሰሶው በሚደርስበት ብቻ ነው፤ በገደሉና በበረሃው ደግሞ ምሰሶ የሌለበት ቦታ ብዙ ነው። ደግሞም በስልክ አንድ ሰው አንድን ሰው ይጠራል፤ በራዲዮ ግን አንድ ሰው ሲጣራ በዚያው ሞገድ ላይ ያለ ሁሉ ይሰማል። ይኸ ሁሉ ሲሆን ራዲዮ የሚተከለው ከመንግሥት በሚሰጥ ፈቃድ መሆኑን አንርሳ።

ውድ ጓደኞቼ፤ ከመካከላችን ነገ ሐኪም፤ ነርስ፤ መምህር፤ የግብርና ሠራተኛ ሆኖ ወደ ገጠር የሚላክ ብዙ ነው። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር ተቀምጠን «ይኸ የሹፌር ሥራ ነው» ብንል፤ ሹፌሩ በታመመ ቀን ሁላችንም እንታመማለን። እጅን ቅባት መንካት ውርደት አይደለም፤ ውርደትስ በእጃችን ልናደርገው የምንችለውን ባለማወቅ በሽተኛን መንገድ ላይ ማስቀረት ነው። ይኽንንም ስል ለእኅቶቼም ጭምር ነው፤ ቡሎን የሚያጠብቀው ዕውቀት እንጂ ጢም አይደለም።

ለመምህራኖቻችን አንድ ልመና አለኝ። በየቅዳሜው ሁለት ሰዓት ያህል በትምህርት ቤቱ መኪና ላይ ከሹፌሩ እንድንማር ቢፈቀድ፤ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች ይጠቀማሉ። በመሥሪያ ቤት ኀላፊ የሆናችሁ ወላጆችም ሹፌሩ ቺንጋ ወይም ፊልትሮ እንዲገዛለት ሲጠይቅ፤ ትንሽ ነገር ነው ብላችሁ ለሚመጣው ወር አታስተላልፉበት። መንገድ ላይ የሚጠብቀው ሰው እስከሚመጣው ወር መቆየት አይችልምና።